«ኩሽ» የተባለው ቃልና የዘር ሐረግ ቆጣሪዎች

ቃል እንደ ሰው የልደት ቀኑን የሚመዘግብለት ቄስም ሆነ ቀበሌ የለውም። ከአፍ ወደ አፍ፣ ከድንጋይ ወደ ብራና፣ ከብራና ወደ ማተሚያ ቤት ሲሸጋገር በየደረሰበት አገር አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ ያረጀውንም አውልቆ ይጥላል። ይህ የታወቀ ሐቅ ሆኖ ሳለ በዕብራይስጥ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘውን «ኩሽ» የተባለ ቃል እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ከኪሳቸው እያወጡ በየአዳራሹና በየመጽሔቱ የሚያሳዩ ሰዎች ቁጥር እየበዛ ሄዷል። አንዱ ወገን ወረቀቱን የሚያወጣው ራሱን የምድሪቱ ባለቤት፣ ጎረቤቱን ደግሞ መጻተኛ ለማድረግ ነው። ሌላው ወገን ነቢያት «ኩሽ» ባሉበት ሥፍራ ሁሉ የተጠሩት አክሱምና ጎንደር፣ ላስታና ሸዋ ናቸው ብሎ ይምላል። በባሕር ማዶ፣ በእስራኤል ጎዳናዎች ላይ ደግሞ ቃሉን በጥቁር ሰው ፊት እንደ ምራቅ የሚተፋ አለ፤ ሲጠየቅም «የመጽሐፍ ቃል ነው» ብሎ ያመልጣል። ሦስቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን አያውቀው ይሆናል። ስሕተታቸው ግን አንድ ነው። የቃልን መነሻ ከቃል ትርጉም፣ የቃልን ትርጉም ደግሞ ከሰው ደም ጋር ቀላቅለዋል።

ከመነሻው ቢጀመር «ኩሽ» በመሠረቱ የዕብራይስጥ ቃል አይደለም። ዕብራውያን ገና መንግሥት ሳያቆሙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የነበሩት የግብፅ 12ኛ ሥርወ መንግሥት ፈርዖኖች ከሁለተኛው የናይል ፏፏቴ በስተደቡብ ያለውን አገር በዚህ ስም በድንጋይ ላይ አስቀርጸውታል። አገሩ በዛሬው ሰሜን ሱዳን የነበረው፣ መናገሻውን ከርማ ላይ ያቆመው ኃያል መንግሥት ነው። የግብፅ ጸሐፍት ይህን ስም ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ «ወራዳው» የሚል ቅጽል ይለጥፉበት ነበር። እነዚያው ፈርዖኖች ግን በቡሄንና በሌሎችም ሥፍራዎች ከወንዙ ዳር ታላላቅ ምሽጎችን ሲገነቡ ኖረዋል፤ ወራዳ ለሚሉት ጎረቤት ደግሞ ማንም ያን ያህል ግንብ አይገነባም። ስሙ ወደ አሦራውያን የሸክላ ሰሌዳዎች ተሻግሯል። የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስም በሱሳ ላቆመው ቤተ መንግሥት የዝሆን ጥርስ ካስመጣባቸው አገሮች መካከል አንዱ ኩሽ መሆኑን በጽሑፍ አስፍሯል። ዕብራውያን ከእነዚህ ኃያላን መካከል የሚኖሩ ሕዝብ እንደ መሆናቸው ስሙን ከጎረቤት ተቀበሉ እንጂ አላወጡትም። ስለዚህ በዕብራይስጥ ሥርወ ቃል ውስጥ ገብቶ ለ«ኩሽ» የጥቁረት ወይም የባርነት ፍቺ የሚፈልግ ሰው በባዶ ጎተራ ውስጥ እህል እንደሚዝቅ ነው። እርግጥ በኋለኛው ዘመን የሊቃውንት ዕብራይስጥ በእነዚያው ፊደላት የሚጻፍ አንድ ሌላ ቃል አለ፤ ትርጉሙም እንዝርት ነው። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ሥርወ ቃል የሚቆፍሩት ወገኖች እስካሁን ይህን አላገኙትም እንጂ አግኝተውት ቢሆን ኖሮ ስለ ጥጥ ፈታዮች ነገድ አንድ ምዕራፍ በጨመሩ ነበር።

በዕብራይስጥ መጻሕፍት ውስጥም ቢሆን ቃሉ አንድ ወጥ ፍቺ የለውም። በመጽሐፈ ነገሥት የኩሽ ንጉሥ ተብሎ የተጠቀሰው ቲርሐቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ690 እስከ 664 የነገሠው፣ ግብፅንና ኩሽን በአንድ ዘውድ ሥር ያዋለው ታሃርቃ ነው፤ እዚህ ላይ ኩሽ ማለት ናፓታን ማዕከሉ ያደረገው የናይል መንግሥት ለመሆኑ ጥርጥር የለም። ኦሪት ዘፍጥረት ግን ኩሽን የናምሩድ አባት ያደርገዋል፤ የናምሩድ ግዛት ደግሞ ባቢሎን ነው። በዚህም የተነሣ በርካታ ሊቃውንት የዚህ ሥፍራ ኩሽ ከናይል ሰዎች ይልቅ ባቢሎንን ለብዙ ዘመን ከገዙት ካሳውያን ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። ዕንባቆም ኩሻንን ከምድያም ጎን ለጎን ይጠራል፤ ያ ወደ ዐረብ ምድር ያመለክታል። የነቢዩ ሶፎንያስ አባት ኩሺ ይባላል። አቤሴሎም መሞቱን ለዳዊት ሮጦ የነገረው ወታደር ኩሻዊ ነው። ኤርምያስን በገመድና በአሮጌ ጨርቅ ከጭቃው ጉድጓድ ስቦ ያወጣው የቤተ መንግሥት ሹም አቤሜሌክም እንዲሁ። ከእነዚህ ታሪኮች አንዱም ቃሉን ለስድብ አልተጠቀመበትም። በዚያን ዘመን «ኩሺ» ማለት «ግብፃዊ» ወይም «ፋርሳዊ» እንደ ማለት የአገር ስም ብቻ ነበር።

ታዲያ ቃሉ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ገባ? መልሱ ያለው በትርጉም ሥራ ታሪክ ውስጥ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት በእስክንድርያ የተነሡ አይሁዳውያን ተርጓሚዎች መጻሕፍቱን ወደ ግሪክኛ ሲመልሱ «ኩሽ» የሰው ስም በሆነበት ቦታ እንዳለ ተዉት፤ የአገር ስም በሆነበት ቦታ ግን ግሪኮች ለጥቁር ሕዝቦች ምድር ሁሉ ይሠሩበት በነበረው «አይቲዮፒያ» በሚለው ቃል ተኩት። ይህ የግሪክ ቃል በተለምዶ «የተቃጠለ ፊት» ተብሎ ይፈታል፤ ሆሜር በሠራበት ጊዜም በምሥራቅና በምዕራብ የዓለም ጫፍ የሚኖሩ ሩቅ ሰዎችን እንጂ አንድ የታወቀ መንግሥትን አያመለክትም ነበር። የግዕዝ ተርጓሚዎችም በአክሱም ዘመን ከግሪክኛው ስለ ተረጎሙ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ተቀብለው ጻፉ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ በዘፍጥረት ምዕራፍ 10 «ኩሽ» የሚል ስም፣ በሌላው ሥፍራ ግን «ኢትዮጵያ» የሚል ስም የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከሁለቱ በስተጀርባ ያለው የዕብራይስጥ ቃል አንድ ነው፤ የተለያየው የእስክንድርያ ተርጓሚ ብዕር ነው።

ይህን ክርክር ከብራናም በላይ የሚዳኝ ድንጋይ አለ። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው ኤዛና በአክሱም ያቆማቸው ጽሑፎች ንጉሡ ሥልጣን አለኝ የሚልባቸውን አገሮች በተርታ ይጠራሉ። አክሱም፣ ሕምየር፣ ረይዳን፣ ሐበሻ፣ ሳባ፣ ሰልሔን፣ ጽያሞ፣ ቤጋ፣ ካሱ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የግዕዙ ጽሑፍ «ሐበሠት» ያለውን የግሪክኛው ጽሑፍ «አይቲዮፕያውያን» ይለዋል። «ካሱ» የተባለው ደግሞ ሌላ ሳይሆን የሜሮዌው ኩሽ ነው፤ ኤዛናም በሌላ ጽሑፉ በዚያ አገር ላይ ስለ ዘመተበት ጦርነት በዝርዝር ይተርካል። እንግዲህ የአክሱም ንጉሥ በራሱ ድንጋይ ላይ ኢትዮጵያን የራሱ ወገን ስም አድርጎ ሲይዝ ኩሽን የዘመተበት የውጭ አገር ስም አድርጎ ጽፏል። የዕብራይስጡ አንድ ቃል በአክሱም ድንጋይ ላይ ሁለት አገር ሆኗል ማለት ነው። ነቢያት «ኩሽ» ባሉበት ሁሉ የኤዛናን አገር ማለታቸው ነው የሚለው ወገን ከኤዛና ጋር ይሟገት። «ኩሽ ማለት እኛ ነን፣ ሐበሻ ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» የሚለውም ወገን ከዚሁ ድንጋይ ፊት ቆሞ ካሱ የት እንደ ነበረ ያንብብ።

የዘውዱ ሥርዓት ከዚህ የትርጉም አጋጣሚ ብዙ አትርፏል። በመዝሙር 67 ኢትዮጵያ እጆችዋን ስለ መዘርጋቷ የተጻፈው ቃል በዕብራይስጡ «ኩሽ» ነው፤ ሆኖም ለዘመናት በየዓውደ ምሕረቱና በየቤተ መንግሥቱ የተነገረው ለአንድ ሥርወ መንግሥት የተሰጠ የግል ተስፋ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሡን ትውልድ ወደ ንግሥተ ሳባና ወደ ሰሎሞን በአንቀጽ ሲያያይዝ የዘር ሐረግ ቆጠራ የመሬት ሥሪት መሠረት ሆኖ መቀጠሉን ማረጋገጡ ነበር። ጭሰኛው የእነማን ልጅ እንደ ሆነ የጠየቀው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ያው ትርጉም ከዙፋኑ እጅ አምልጦ ሌላ ሥራም ሠርቷል፤ ለከያኒያን ትኩረት የሚገባውም ይኸኛው ነው። በኒው ዮርክ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ተለይተው እንዲቀመጡ የተገደዱ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. በ1808 የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርቱ አቢሲኒያ የሚል ስም ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1892 በፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ የነጭ ሚሲዮናውያንን የበላይነት አልቀበልም ብሎ የተለየውን ቤተ ክርስቲያን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አለው። እ.ኤ.አ. በ1920 የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር መዝሙሩን ለአባቶቻችን ምድር ለኢትዮጵያ ብሎ ዘመረ። እነዚህ ሰዎች የናፓታና የአክሱምን ልዩነት አልመረመሩም፤ መመርመርም አልነበረባቸውም። በባርነት ቤት ውስጥ በእጃቸው የገባው መጽሐፍ ስለ ጥቁር ሰው በክብር የሚናገርበትን ቃል ፈልገው ያገኙት ይህን ነበር። ቃሉን ወስደው የነጻነት ስም አደረጉት። የእስክንድርያው ተርጓሚ ይህን አላሰበም፤ ዕብራዊው ባለ መዝሙርም አላሰበም፤ ትርጉሙ ግን ከዚያ ወዲህ የእነርሱም ሆኗል።

አሁን ወደ ባሰው ጉዳይ። «ሴማዊ» የሚለውን ስያሜ ለቋንቋዎች ያወጣው ጀርመናዊው ሽሎትሰር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1781 ነው። «ኩሻዊ» የሚለውም በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሌፕሲዩስና በተከታዮቹ ብዕር ተስፋፋ። ሁለቱም ስሞች ከዘፍጥረት ምዕራፍ 10 የተለቀሙ መጠሪያዎች ናቸው፤ የቋንቋ አጥኚው ለሥራው ማቅለያ በመደርደሪያው ላይ የለጠፋቸው ወረቀቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ግዕዝና አማርኛ፣ ትግርኛና ጉራግኛ በአንዱ መደርደሪያ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛና አገውኛ በሌላው ተቀመጡ። ግሪንበርግም እ.ኤ.አ. በ1963 ሁለቱን መደርደሪያዎች ከጥንታዊ ግብፅኛ፣ ከበርበርና ከቻድ ቋንቋዎች ጋር በአንድ ታላቅ ቤት ውስጥ አስገብቶ አፍሮ-እስያዊ አላቸው። ወላይትኛና ከፍኛ ለረጅም ጊዜ «ምዕራብ ኩሻዊ» ሲባሉ ቆይተው ፍሌሚንግ ኦሞቲክ የሚል የራሳቸውን ስም አወጣላቸው። የወላይታ ገበሬ በአንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ምክንያት ኩሽነቱን አጥቶ እንዳደረ ማን ነገረው? እርሻውን ሲያርስ ነው የዋለው።

የቋንቋ መደርደሪያን የደም መደርደሪያ ማድረግ ግን ከቋንቋ ጥናት የመጣ ትምህርት አይደለም። አውሮፓውያን ቅኝ ገዢዎች አፍሪካን ለመከፋፈል የተጠቀሙበት መሣሪያ ነው። እንግሊዛዊው ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው መጽሐፉ በአፍሪካ የታየ ሥልጣኔ ሁሉ «ካማውያን» ከተባሉ መጤዎች የተገኘ ነው አለ። ቤልጅግ በሩዋንዳ ይህንኑ ሐሳብ ተከትላ በ1930ዎቹ ዓመታት ሰውን በየመታወቂያ ደብተሩ ለየችው፤ ቱትሲው ካማዊ፣ ከኢትዮጵያ ወገን የመጣ እንግዳ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1992 አንድ የሩዋንዳ ገዢ ፓርቲ ሹም በአደባባይ ባደረገው ንግግር ቱትሲዎች በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሊመለሱ ይገባል የሚል መልእክት አስተላለፈ። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ወንዙ በእርግጥ አስከሬን ይዞ ወረደ። በየመድረኩ «ኩሽ ነባር፣ ሴም መጤ» እያለ የሚሰብክ ተናጋሪ፣ ወይም ዜማውን ገልብጦ «ሴም አሠልጣኝ፣ ኩሽ ሠልጣኝ» የሚል መልስ ሰጪ፣ ከሴሊግማን መዝገብ ገጽ ቀድዶ እያነበበ መሆኑን ቢያውቅ ያፍር ይሆናል። ካላፈረም አድማጩ ሊያፍርለት ይገባል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ተጠቃሹ መጽሐፍ ራሱ ለዚህ ክፍፍል አለመመቸቱ ነው። የዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ዝርዝር ከነዓንን የካም ልጅ ያደርገዋል፤ የከነዓናውያን ቋንቋ ግን ከዕብራይስጥ ጋር እንደ ወንድምና እህት የሚቀራረብ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ኤላምን የሴም ልጅ ያደርገዋል፤ የኤላም ቋንቋ ደግሞ ከሴማውያን ቋንቋዎች ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስለ ሳባ የተጻፈው ከዚህም ይብሳል፤ በአንድ ቍጥር የኩሽ ልጅ የራዕማ ልጅ ነው፤ ጥቂት ቍጥሮች ወረድ ብሎ የሴም ዘር የሆነው የዮቅጣን ልጅ ነው፤ በምዕራፍ 25 ደግሞ የአብርሃም የልጅ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ኤውላጥም እንደዚሁ በኩሽም በሴምም ወገን ተጽፏል። የጥንቱ ጸሐፊ የንግድ መንገድንና የፖለቲካ ወዳጅነትን በአባትና በልጅ ቋንቋ ጻፈ እንጂ የደም ምርመራ ውጤት አላወጣም። እርግማኑም ቢሆን በከነዓን ላይ ወደቀ እንጂ የኩሽ ስም በእርግማኑ ውስጥ የለም፤ የባሪያ ነጋዴዎች በግድ አስገቡት።

በኢትዮጵያ ምድር ደግሞ የሁለቱ ቋንቋ ቤተ ሰቦች ታሪክ የመጋባት ታሪክ ነው። በግዕዝ ግሡ ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ ይቀድማል፤ በአማርኛ ግን ማሰሪያ አንቀጹ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይውላል። ይህን ሥርዓት አማርኛ ከአገውና ከሌሎች ኩሻውያን ጎረቤቶቹ እንደ ወረሰ አጥኚዎች ይስማማሉ። «ንጹሕ ሴም ነኝ» ብሎ በአማርኛ የሚፎክር ሰው ፉከራውን የሚዘጋው በኩሻዊ አገባብ ነው።

የቤተ እስራኤል ጉዳይ እነዚህን ሁሉ መስመሮች በአንድ ሕዝብ ሕይወት ላይ ያገናኛል። ይህ ሕዝብ በጎንደር፣ በሰሜንና በወልቃይት ለዘመናት ኦሪትን በግዕዝ እያነበበ ሲኖር በጸሎቱ ውስጥ የአገው ቋንቋ ክፍሎች ነበሩበት፤ አያቶቹም አገውኛ ይናገሩ ነበር። በአገሩ ሰዎች አፍ ስሙ «ፈላሻ» ነበር፤ ከፈለሰ፣ ከርስት ከተነቀለ። ራሱን «ቤተ እስራኤል» ቢልም ሰሚ አላገኘም። ማረሻውን የሚቀጠቅጥለትንና እንስራውን የሚሠራለትን ይህን ባለሙያ ባላገሩ በገበያ ቀን ዕቃውን ይገዛዋል፤ በሌላው ቀን ቡዳ ይለዋል። ኢየሩሳሌምን ሲናፍቅ የኖረው ይህ ሕዝብ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በተጓጓዘበት በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ገባ። ዛሬ በዚያ አገር ቍጥሩ ከ160 ሺህ ይበልጣል። ሲደርስም በትምህርት ቤት ግቢና በሠፈሩ መንገድ ልጆቹን የተቀበላቸው ቃል «ኩሺ» ሆነ።

እዚያ የሚሰጠው መከላከያ ቃሉ ከመጽሐፍ የተገኘ ነው የሚል ነው። ከመጽሐፍ የተገኘ መሆኑ እውነት ነው። የጥንት የአይሁድ ሊቃውንትም በክብር ተርጉመውት ነበር። ሙሴ ስላገባት ኩሺት ሴት የተጻፈውን የኦንቄሎስ የአራማይክ ትርጉም «ውብ ሴት» ብሎ መልሶታል። በ11ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ራሺ ደግሞ «ኩሺት» የሚለው ቃል ፊደላት ሲደመሩ 736 እንደሚሆኑ፣ «መልከ መልካም» የሚለው የዕብራይስጥ ሐረግም እንዲሁ 736 እንደሚሆን ቆጥሮ አሳይቷል። ቍጥሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ጥቁር ሴትን ውብ ለማለት ሒሳብ መሥራት ያስፈለጋቸው ለምን ነበር? አንዳንዱ ምስጋና ሲመረመር ከሥሩ ሐፍረት ይገኛል። አዲሱ ዕብራይስጥ ደግሞ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ዳግመኛ መነጋገሪያ ሲሆን የአውሮፓን ትዝብት ይዞ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1783 ከታተመው ከሺለር «ፊየስኮ» ተውኔት የተወሰደው፣ ሥራውን ስለ ጨረሰና ስለሚሰናበት ጥቁር አገልጋይ የሚናገረው አባባል በዕብራይስጥ አፍ «ኩሺ» በሚለው ቃል ነው የተተረጎመው። የአቤሜሌክን ማዕረግ የአውሮፓ ቤት አሽከር ወረሰው። ስለዚህ ዛሬ ቃሉን ለስድብ የሚያነሣው ሰው የሚጠቅሰው ኤርምያስን ሳይሆን የአውሮፓን ሳሎን ነው።

የቃሉ ስድብነት በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁድ የለገሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደ ነበር በጋዜጣ ሲገለጥ በአሥር ሺህ የሚገመት ሕዝብ በኢየሩሳሌም ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ከታየ በኋላ ወጣቶች በቴል አቪቭ መንገዶችን ዘጉ። በእነዚህ ሰልፎች የወጡት ልጆች በትምህርት ቤት ዕብራይስጥ የተማሩ ናቸው፤ የቃሉን ሥርወ መሠረት ከሰዳቢያቸው ያነሰ አያውቁም። የተሰደቡት ስለ ናፓታ ሳይሆን ስለ ቆዳቸው መሆኑን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አላስፈለጋቸውም። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ተቀምጦ ስለ እነርሱ የሚቆረቆር ሰውም «ፈላሻ» የሚለውን ቃል ከአፉ ሳያወጣ ሊቆረቆርላቸው ይገባል፤ አለዚያ ጩኸቱ ድስት በማሰሮ ላይ እንደሚያወጣው አቃቂር ነው።

መምህሩ፣ ካድሬውና ከያኒው በዚህ ነገር ውስጥ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በመድረክ ላይ የ«ኩሽ ነገድ» ልብስና የ«ሴም ነገድ» ልብስ እየለየ የሚያለብስ የተውኔት አዘጋጅ ልብሱን ከየት እንዳመጣ ይጠየቅ፤ የአክሱምም ሆነ የሜሮዌ ሥዕልና ቅርጽ እንዲህ ያለ ልዩነት አያሳይም። በስብሰባ ላይ ስለ ኩሽና ሴም የሚናገር ካድሬ ስለ ቋንቋ ከሆነ ስለ ቋንቋ ብቻ ይናገር፤ ስለ መሬት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ በጀት ከሆነ ደግሞ በግልጽ ስለ መሬት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ በጀት ይናገር። እነዚህ የሕዝብ ጥያቄዎች በኖኅ ልጆች ካባ ተሸፍነው ሲቀርቡ መልስ አያገኙም፤ ባለ ካባው ብቻ ይሾማል። የታሪክ መምህር ደግሞ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ትምህርት በእጁ አለ። በጥቁር ሰሌዳው አንድ ወገን የዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ስሞችን፣ በሌላው ወገን የኤዛናን ዝርዝር ይጻፍና ተማሪዎቹ ሳባ ስንት ቦታ እንደሚገኝ፣ ካሱም ከሐበሠት ተለይቶ ለምን እንደ ተጻፈ ራሳቸው ይፈልጉ። የኤዛና ድንጋይ ዛሬም አክሱም ላይ ቆሟል፤ ፊደሉ በጎበኙት ሁሉ ይታያል።